የቆመ የልብስ ማጠቢያ መኪና በቤት ውስጥ ስለ ማደስ

ልብስ ማጠብ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የወንዝ ዳር ሥራ ነበር። እናቶቻችን የእንዶድን ፍሬ አድርቀው፥ ወቅጠውና በውኃ ዘፍዝፈው፥ በሚወጣው አረፋ ነጠላውንና ጋቢውን ያነጡት ነበር። ይህ የአጣቢዎች አረፋ ለሳይንስ እንኳ ውለታ ውሎአል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሳሉ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ከዚህም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን አረጋገጡ። ስለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እነዚያ የዓድዋ አጣቢዎች ግን ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።

ዛሬ በከተማ የሚኖረው ቤተሰብ ልብሱን የሚያጥበው በግቢው ውስጥ በሳፋ ነው። የበዓለ ሆሳዕናን ስም በያዘችውና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሳዕና ከተማም ሆነ በሾኔ፥ በዱራሜ፥ በሺንሺቾና በአንጋጫ፥ እሑድና በዓል ተከብሮ ስለሚዋል ሥራው ሁሉ በዓርብና በቅዳሜ ላይ ይወድቃል። ውኃ ይቀዳል፥ ይዘፈዘፋል፥ ይፈተጋል፥ ይጨመቃል። የአካባቢው ቀይ አፈር በልጆች ልብስ ላይ ሲጣበቅ እንዴት እንደሚያስቸግር ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል። እርጥብ ጋቢ ለመጭመቅ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ማጠማዘዝ አለበት፤ ሁለተኛዋም ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፏን ዘግታ የተጠራች ልጅ ናት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ስለማያባራ ልብሱ በገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ ሳይደርቅ ይሸታል፤ በምድጃ አጠገብ ሲሰቀልም ጢስ ጢስ ይላል። በዚህ በደጋው አገር የማጠቢያ መኪና ትልቁ ጥቅም፥ እንደኛ አስተያየት፥ ማጠቡ ሳይሆን መጭመቁ ነው።

ከሀድያና ከከምባታ እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሥራ እንደ ሄዱ የታወቀ ነው። ከዚያ በሚላከው ገንዘብ ቤት ይሠራል፥ ታናናሾች ይማራሉ፤ የእናቱን እጅ መሰንጠቅ የሚያስታውስ ልጅም አንዳንድ ጊዜ የልብስ ማጠቢያ መኪና ይገዛላታል። መኪናው ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ አንድ ቀን ድምፁን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ በላዩ ጨርቅ ለብሶ የሳህን ማስቀመጫ ይሆናል፤ ወይም ገንዳው ውስጥ እህል ይቀመጥበታል። በመጨረሻም «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ በበሩ ያልፋል፥ መኪናውም በብረቱ ክብደት ተመዝኖ ይሄዳል። ልጅ በስደት ደክሞ የገዛውን ዕቃ እንዲህ አድርጎ መሸኘት ለእናት ቀላል አይደለም። እንዲህ ከሚሸጡት መኪናዎች ውስጥ የብዙዎቹ ጉድለት ደግሞ በአንዲት ትንሽ ዕቃ መለወጥ የሚወገድ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ዘርዘር አድርጎ መመልከት ይገባል።

በመጀመሪያ የመኪናውን ዐይነት እንለይ። ከላይ የሚከፈተው መኪና ዕድሜው ረጅም ነው። በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት በኒውተን ከተማ የነበረው የሜይታግ ኩባንያ፥ በገንዳው ወለል ላይ ተተክሎ ውኃውን በልብሱ ውስጥ የሚነዳ ክንፍ ያለበትን መኪና ለገበያ ያወጣው በ1922 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነበር። በ1948 የሁቨር ኩባንያ በዌልስ አገር በመርተር ቲድፊል ከላዩ በእጅ የሚዞር መጭመቂያ የተገጠመለትን ትንሽ መኪና መሥራት ጀመረ። በ1953 ደግሞ የጃፓኑ ሳንዮ በሳህን መሰል መዘውር ውኃውን የሚያሽከረክረውን አወጣ፤ በእኛ አገር በብዛት የሚታየው ባለ ሁለት ገንዳ መኪና የዚህ ዝርያ ነው። በአንደኛው ገንዳ ይታጠባል፥ በሁለተኛው ጠባብ ቅርጫት በደቂቃ ከ1,300 ጊዜ በላይ እየተሽከረከረ ይጨመቃል። ለሁለቱም ሥራ ለየብቻ ሞተር አለው።

ይህ ባለ ሁለት ገንዳ መኪና በሌላ አገር ያረጀ ነገር ቢባልም ለከተሞቻችን እጅግ የተስማማ ነው። ሙሉ በሙሉ በራሱ የሚሠራው ዘመናዊ መኪና ውኃ በግፊት እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ የግፊቱ መጠን ደግሞ በውኃው ከፍታ የሚወሰን ነው። ውኃ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ሲቀመጥ የአንድ ባር ግፊት ይሰጣል፤ ሮቶው ከመኪናው በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ የሚገኘው ከባር አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነገሩ የባሰ ነው። ባለ ሁለት ገንዳው ግን በባልዲ ይሞላል፥ ውኃውም ሳይደፋ ለሁለትና ለሦስት ጊዜ ያገለግላል። መጀመሪያ ነጩ፥ ቀጥሎ ባለ ቀለሙ፥ በመጨረሻ የሥራ ልብሱ ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ አስቀድሞ ግን ስለ ሕይወት አደጋ ጥቂት እንበል። ውኃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚገናኙበት ዕቃ ስለ ሆነ፥ መኪናውን ከመክፈት በፊት ማጥፊያውን መንካት ብቻ አይበቃም፤ ስፒናው ከሶኬቱ ይነቀል። ሥራው እስኪያልቅም ማንም ሳያውቅ እንዳይሰካው የስፒናውን ጫፍ ሠራተኛው ከሚያየው ቦታ ያኑረው። ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተር የተባለው ትንሽ ዕቃ በውስጡ ኃይል አስቀምጦ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እጅ ከመንካቱ በፊት ሁለቱን ጫፎቹን ከአንድ ተራ የ220 ቮልት አምፑል ሽቦዎች ጋር ለጥቂት ሰከንድ ማገናኘትና ኃይሉን ማፍሰስ ይገባል።

ሌላው ነገር ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ነው። ይህ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለበት ሽቦ መኪናው ቢያፈስ ኤሌክትሪኩን በሰው ላይ ሳይሆን በራሱ በኩል ወደ መሬት እንዲያልፍ ያደርገዋል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ መኪና ስፒናው ሦስት ወፍራም ክብ እግሮች ስላሉት ከእኛ ሶኬት ጋር አይገጥምም፤ ቸኩሎ የሚሠራ ሰውም ስፒናውን ቆርጦ በሁለት እግር ስፒና ይለውጠውና ሦስተኛውን ሽቦ ቆርጦ ይጥለዋል። መኪናው በዚህ ዐይነት ይሠራል፤ ነገር ግን በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግርዋ ቆማ የምታጥበው ሴት ያለ ጠባቂ ቀረች ማለት ነው። ሦስተኛው ሽቦ የሚያርፍበት ሶኬት ይግባ፤ ቤቱም ወደ መሬት የተቀበረ ዘንግ ከሌለው የታወቀ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይትከልለት። በቆጣሪው ዘንድ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚቆርጥ፥ 30 ሚሊአምፔር የሚል ጽሑፍ ያለበት ማብሪያ ማስገባት ደግሞ ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለምጣዱም ይጠቅማል። በዚህ ላይ የሚወጣውን ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ቢኖር ከመኪናው ይልቅ ሳፋው ይሻለዋል።

የኃይሉን መጠንም እንመልከት። የደቡብ አፍሪካም የእኛም መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ፥ ቮልቱም የተቀራረበ በመሆኑ ችግር የለም። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ መኪና ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ምልልስ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ምልልሱን አይለውጥም፤ ስለዚህ ሞተሩ በስድስተኛ እጅ ያህል ዘግይቶ ይዞራል፥ ይበልጥም ይሞቃል። እንዲህ ያለውን መኪና ዘመድ በነጻ እንኳ ቢሰጥ ማጓጓዣውን ከፍሎ ማምጣት አንመክርም።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ የቡለን መፍቻ፥ ናስትሮ፥ ጥቂት ግራሶና መብራት መኖሩን የሚያሳይ ቴስተር። ሽቦዎችን ከመንቀል በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ከሁሉ የበለጠ መሣሪያ ነው። የአባቶቻችን ዘመን ሰዓት ጠጋኞች በወረቀት ላይ ይስሉት የነበረውን ዛሬ ልጅ በአንድ ቅጽበት ያነሣዋል። የመኪናው የጀርባ ክዳን በአብዛኛው በስድስት ወይም በስምንት ብሎን የታሰረ ነው፤ ብሎኖቹን በአንድ የቡና ሲኒ ውስጥ ማኖር ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ጉድለት ይህ ነው፤ መኪናው «እምም» ይላል፥ ግን አይዞርም። አንዳንድ ሰው መዘውሩን በእንጨት ገፋ አድርጎ ያስነሣዋል፤ ይህን ማድረግ ግን ሞተሩን ማቃጠል ነው። ስፒናው ተነቅሎ መዘውሩ በእጅ ይዙር። ጠጥሮ እንቢ ካለ ከሥሩ ነገር ገብቶአል፤ ሳንቲም፥ ቁልፍ፥ የጸጉር መርፌ ወይም የሕፃን ካልሲ ይሆናል። መዘውሩን የያዘው በመካከሉ ያለ አንድ ብሎን ብቻ ነው። እርሱ ሲፈታ መዘውሩ ካልተነሣ፥ ሁለት ጠንካራ ገመድ በግራና በቀኝ ከሥሩ አሳልፎ ወደ ላይ እኩል መሳብ ነው፤ በካቻቢቴ መፈልቀቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። መዘውሩ በእጅ በነጻነት የሚዞር ሆኖ በኤሌክትሪክ ብቻ እንቢ ካለ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የካፓሲተሩ ነው። ካፓሲተር ሞተሩ ሲነሣ የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጠው ነው፤ ሲያረጅ ኃይሉ ይቀንሳል፥ አንዳንድ ጊዜም ሆዱ ይነፋል። ለማጠቢያውና ለመጭመቂያው ሞተር የሚሆነው መጠኑ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ አሮጌውን ይዞ ሄዶ በላዩ የተጻፈውን የማይክሮፋራድ ቍጥር ያለ ለውጥ መግዛት ይገባል። ቮልቱ ከበለጠ አይጎዳም፤ ካነሰ ግን ይፈነዳል። ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው፤ በእርሱ ምክንያት ለቁራሌ የሄደው መኪና ቍጥሩ ስንት ይሆን?

መኪናው ባዶውን እየዞረ ልብስ ሲገባበት የሚደክም ከሆነ ቺንጋው ላልቶአል። የሞተሩን ቡለኖች ጥቂት አላልቶ ሞተሩን ወደ ኋላ ስቦ ማጥበቅ ነው። ቺንጋው በጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ካለ መጠኑ ነው፤ እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይበላዋል። የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ የተላሰ ቺንጋ ግን ማጥበቅ አይረዳውም፥ ይለወጥ። በዝቅተኛ ቮልትም እንዲሁ ያለ ድካም ስለሚታይ፥ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ብቻ የሚደክመውን መኪና ከመፍታት በፊት ጧት ሞክሮ ማየት ጥሩ ነው።

ውኃ የሚያፈስ ከሆነ ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የማፍሰሻው መዝጊያ ጎማ ነው፤ ክር፥ ጸጉርና አሸዋ ሥሩ ገብቶ እንዳይገጥም ያደርገዋል። ይህ ተፈትቶ መታጠብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመዘውሩ ሥር ዘንጉ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውኃውን የሚያግድ ጎማ አለ፤ እርሱ ሲያረጅ ውኃው በዘንጉ ላይ ወርዶ ኩሽኔታውን ያዝገዋል። ከሥር የዛገ ቀይ ውኃ መንጠባጠብና እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ የዚህ ምልክት ናቸው። ጎማው ብቻ ተለውጦ የዛገው ኩሽኔታ ቢቀር፥ የሚንቀጠቀጠው ዘንግ አዲሱን ጎማ በጥቂት ጊዜ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ። ብዙ ሰው የመኪናው ፋብሪካ ካልተገኘ ኩሽኔታው አይገኝም ብሎ ያስባል። ነገር ግን ኩሽኔታ በዓለም ሁሉ አንድ ዐይነት ቍጥር አለው። 6203 የሚል ጽሑፍ ያለበት ውስጡ 17፥ ውጭው 40 ሚሊሜትር ነው፤ 6204 የሚለው ውስጡ 20፥ ውጭው 47 ነው። ቍጥሩ አንድ ከሆነ በከተማው ውስጥ የባጃጅና የሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ያገለግላል። በአንዳንድ መኪና ላይ ግን በኩሽኔታ ፈንታ የናስ ቀለበት ብቻ ስላለ፥ አይቶ መለየት ያስፈልጋል። እዚህ የታጣው ዕቃ አዲስ አበባ በመርካቶ፥ አሮጌ ነገር ሁሉ አዲስ በሚሆንበት በምናለሽ ተራ ሊፈለግ ይችላል፤ ወደዚያ የሚሄድ ዘመድ አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ ይሂድ እንጂ በቃል ብቻ አይላክ።

መጭመቂያው እንቢ ሲል መጀመሪያ ክዳኑን ተመልከቱ። ክዳኑ ሲከፈት ኃይሉን የሚቆርጥ መቆንጠጫና ቅርጫቱን የሚያቆም ፍሬን አለ፤ ሁለቱም ለሰው እጅ ጥበቃ የተደረጉ ናቸው። የፍሬኑ ቀጭን ሽቦ ከላላ ፍሬኑ ሁልጊዜ እንደ ያዘ ይቀራል፥ ሞተሩም ታግሎ ይሞቃል። ሽቦውን ማስተካከል ቀላል ነው። የክዳኑን መቆንጠጫ ግን «ያስቸግራል» ብሎ በቀጥታ ማገናኘት በፍጹም አይገባም፤ በዚያ ፍጥነት የሚዞር ጨርቅ የሕፃንን ጣት ጠምጥሞ ይወስዳልና። ከቅርጫቱ በታች ውኃ ተጠራቅሞ ከሆነም ቱቦው ተደፍኖአል፤ ወይም የቱቦው ጫፍ ከፍ ብሎ ተቀምጦአል። ቱቦው እስከ ጫፉ ወደ ታች እያዘቀዘቀ ይሂድ።

ስለ አይጥም ሳንናገር አናልፍም። የእነዚህ መኪናዎች ሥር ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው፤ ጓሮው የእንሰት ተክል በሆነበት ግቢ ደግሞ አይጥ አይጠፋም። ሞቅ ያለና ጨለማ ቦታ ስለምትወድ በውስጡ ትወልዳለች፥ ሽቦውንም ትበላለች። መኪናው ተጠግኖ ከመዘጋቱ በፊት የተላጠ ሽቦ ካለ ይለወጥ እንጂ በናስትሮ ብቻ አይጠምጠም፤ ሥሩም በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። አየር ካላገኘ ሞተሩ ስለሚታፈን በቆርቆሮ መድፈን አይሆንም።

ውጭው የቆርቆሮ ከሆነና ዝጎ ከሆነ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይፈተግ፤ ከዚያ ጸረ ዝገት ቀለም፥ ሲደርቅም የላዩ ቀለም ይቀባ። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም እስከሚቀጥለው መስቀል አይቆይም። በገንዳው ውስጥ የተጋገረው የሳሙና ቅርፊት በሞቀ ውኃና በአቼቶ አንድ ሌሊት አድሮ ይለቃል፤ አቼቶውና በረኪናው ግን አንድ ላይ እንዳይገናኙ ተጠንቀቁ፥ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የሚፈላ ውኃም ወደ ፕላስቲክ ገንዳ አይገለበጥ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ቢሆን ፕላስቲኩን ለማጣመም ይበቃዋል።

መተው የሚገባውም መኪና አለ። ከሞተሩ የተቃጠለ ሽታ ከወጣና ሽቦው ጠቍሮ ከታየ፥ ሽቦውን እንደገና የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ቢኖሩም ዋጋው ተጠይቆ ከሌላ ያገለገለ ሞተር ጋር ይመዛዘን። የዋናው ገንዳ ወለል ዘንጉ በሚያልፍበት ከተሰነጠቀ ግን ማጣበቂያ አይዘልቅበትም። እንዲህ ያለው መኪና እንኳ ሲሸጥ በሙሉ አይሸጥ፤ ሰዓት ቆጣሪው፥ ካፓሲተሩ፥ ቺንጋውና ደኅናው ሞተር ተፈትተው ይቀመጡ። ለጎረቤት መኪና መድኃኒት ይሆናሉ።

ይህን ሥራ ወንዶች ልጆች ከእኅቶቻቸው ጋር ሆነው ቢሠሩት መልካም ነው። ልብስ ማጠብን የሴት ሥራ ነው ብሎ የሚርቅ ጐልማሳ፥ የመኪና ቡለን ሲፈታ ግን ማንም ሳይጠራው ይመጣል፤ ከጠገነው በኋላ መሥራቱን ለማየት ሲል እንኳ ሁለት ሸሚዝ ማጠቡ አይቀርም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናው መጀመሪያ ያለ ልብስ በውኃ ብቻ ለ10 ደቂቃ ይዙር። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎ ጠብታ መኖር አለመኖሩ ይታይ፤ ቴስተሩም ቀለም በሌለበት ብሎን ላይ ይሞከር፥ ካበራ ስፒናው ወዲያው ይነቀል። ቀጥሎ ጥቂት ጨርቅ፥ ከዚያ በኋላ መደበኛው ልብስ ይግባ። ጥለት ያለው ነጠላ ዘርፉ በመዘውሩ እንዳይጠመጠም በትራስ ልብስ ውስጥ ታስሮ ይታጠብ፤ ቀለሙ የሚለቅ ጥለት ከሆነ ግን በእጅ ይሁን። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ እጅግ ስለሚከብድ አንድ በአንድ ነው። በመጭመቂያው ውስጥም በአንድ ወገን ሳይከመር ክብ ተደርጎ በቅርጫቱ ዙሪያ እኩል ይደልደል፤ መኪናው መዝለል ከጀመረ ክዳኑን ከፍቶ ማስተካከል ነው። ሲያበቃ ክዳኖቹ ክፍት ሆነው ይደሩ፥ ጎማዎቹ እንዲደርቁ። ስፒናው ይነቀል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ያልተስተካከለ ነውና። ጋቢውም በቃጫው ገመድ ላይ ይሰጣ፤ ጧት ከተሰጣ፥ ዝናብ ካልቀደመው፥ ለማታ ይደርሳል።